ርካሹ ፕሮግራምና የደካው ማር ነጋዴ

ርካሽ ነገር ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማየው ሻጩን ነው። ዕቃው በኋላ ይደርሳል። ሻጩ ቶሎ ቶሎ ከተናገረ፣ ዓይኑ በር በሩን ካየ፣ በተለይ ደግሞ «ላንቺ ስል ነው» ካለ፣ ቦርሳዬን ብብቴ ሥር ወትፌ መንገዴን እቀጥላለሁ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን በሽታ ይለዋል። እሱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የታሪክ መምህር ነው፤ ሰው ሁሉ ደግ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ከገበያ ሁለት የግራ እግር ጫማ ገዝቶ መጣ። እኔ ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ ያደግሁ፣ ጅማ ሒሳብ አያያዝ ተምሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ጫማውን ይዤ ሄጄ ሻጩን ያፋጠጥኩትም እኔ ነኝ።

ዘመኑም ለእንዲህ ዓይነት ጠባይ የተመቸ ነበር። ኢሕአዴግ ሰዉን አንድ ለአምስት ያደራጀበት ጊዜ ነው። አምስት ሆነን ስንቀመጥ አራቱን እያየሁ «ከእነዚህ ውስጥ ወሬ የሚያቀብለው የቱ ነው?» እላለሁ። አራቱም እኔን እያዩ እንደዚያው ይሉ እንደነበር አልጠራጠርም።

ከገበያው ከፍ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ለነጋዴዎች የግብር ሒሳብ እሠራ ነበር። ደንበኞቼ ደረጃ ለ የሚባሉት መካከለኛ ነጋዴዎች ናቸው፤ የኮረሪማ፣ የቡና፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የማር። ሰኔ ሠላሳ ዓመቱ ይዘጋና እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ሒሳባቸውን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማስገባት አለባቸው። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ሰው ሁሉ ጃንጥላውን፣ እኔ ካልኩሌተሬን እናወጣለን። ለዓመታት ሁሉንም በእጄ ሠራሁ። ደረሰኙ በላስቲክ ከረጢት ይመጣል፤ አንዳንዱ ዝናብ ነክቶት፣ አንዳንዱ ማር ነክቶት እርስ በርሱ ተጣብቆ። በእንፋሎት አላቅቄ፣ በብረት ተኩሼ፣ ደምሬ፣ ቀንሼ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ አስረክባለሁ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ አንዲት ማር ነጋዴ ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ንግዱን ብቻቸውን ይዘው ከማንኪራና ከዙሪያው ካሉ ቀፎ ሰቃዮች ማር ይገዛሉ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው መጋዘናቸው በበርሜል ያስቀምጣሉ፣ ጠጅ ጣይ ሲፈልግ ይሸጣሉ። ከገበሬዎቹ ጋር በካፊኖኖ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ከእኔም ጋር ቡና ላይ ስንገናኝ እንደዚያው ነን። ቢሮዬ ሲገቡ ግን ወደ አማርኛ ይዞራሉ፤ የግብር ነገር በአማርኛ ካልተነገረ የተነገረ አይመስላቸውም። ሌሎቹን ነጋዴዎች ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። «እሷ ጋ የገባ ነገር አይወጣም» ብለው ለገበያው ሁሉ ነገሩ። ከጅማ ካመጣሁት ዲፕሎማ ይልቅ እንጀራ ያበላኝ ይህ የእሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዚያ ባጃጆች ከሚቆሙበት አጠገብ ሌላ ሒሳብ ሠሪ ቢሮ ከፈተ። ኮምፒዩተር አለው፤ የእሱ ሒሳብ ጥርት ብሎ ታትሞ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይወጣል። ደንበኞቼ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። ሲያገኙኝ ሰላምታቸው በዛ፤ ሰው ሲከዳ ሰላምታ ያበዛል። እትዬ እንኳ አንድ ቀን «ልጄ፣ ያንቺም ማሽን ይኑርሽ እንጂ» አሉኝ። ገባኝ። ለሚመጣው ክረምት ፕሮግራም ካልገዛሁ ክፍሌን ዘግቼ በባሌ ደመወዝ ላይ መቀመጤ ነው።

ኮምፒዩተሩን ከተዘጋ የፕሮጀክት ቢሮ በጨረታ ገዛሁ። የቸገረኝ የሒሳብ ፕሮግራሙ ነው። ጅማ ወርጄ ከአንድ ኮምፒዩተር ቤት ሲዲ አመጣሁ፤ የውጭ አገር ፕሮግራም ነው፣ የተቀዳ። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ማር አይበልጥም። ገና ስከፍተው ጊዜው አልፏል አለኝ። ሻጩ ጋ ስልክ ስደውል «የኮምፒዩተሩን ቀን ወደ ኋላ መልሺው፣ ይሠራል» አለ። መለስኩት፤ እውነትም ሠራ። ነገር ግን እኔ ዘንድሮ ተቀምጬ የማትመው ወረቀት ሁሉ ልጄ ገና ያልተወለደችበትን ዓመት ይዞ ይወጣል። ጳጉሜ የሚባል ነገርም አያውቅም። በጳጉሜ የተሸጠውን የት ላግባው ብዬ ሻጩን ብጠይቀው «በአምስት ቀን ምን ይሸጣል ብለሽ ነው?» አለኝ። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማርና ጨርቅ እንደሚሸጥ የማያውቅ ሰው የሸጠልኝን ሲዲ ከመስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። ቢያንስ ወፍ ያባርርልኛል።

አዲስ አበባ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ድርጅት አለ ተባልኩና ደወልኩ። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ልጅ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያፈራረቀች ዋጋውን ነገረችኝ። የዓመት የቤት ኪራዬን ይበልጣል። በዚያ ላይ በየዓመቱ ማሳደሻ፣ በዚያ ላይ ሥልጠና፣ ሥልጠናው ደግሞ አዲስ አበባ። «ስንት ተጠቃሚ ነው ያላችሁ?» አለችኝ። እኔ ብቻ ነኝ ስላት ዝም አለች። ያ ዝምታ እስካሁን ያናድደኛል።

በዚህ መሀል ነው አንድ ሰውዬ የመጣው። ቀድሞ የግብር ሠራተኛ ነበር፤ ከሌላ ክልል ተመድቦ መጥቶ ቦንጋ ለምዶ የቀረ። ሥራውን የለቀቀው በፈቃዱ ይሁን በግድ ከተማው አልተስማማም። ኮምፒዩተር መጠገን ጀምሮ ነበር። ግንቦት ላይ ቢሮዬ ገባና ፍላሹን ከኪሱ አወጣ። ራሱ የሠራው ፕሮግራም ነው፣ በአማርኛ ነው፣ ጳጉሜ ለብቻዋ አለችበት። ዋጋውን ስጠይቀው ሊያስቅ የሚችል ብር ጠራ።

«ለምን ይህን ያህል ረከሰ?» አልኩት።

«ላንቺ ስል ነው፣ እህቴ።»

በቃ። እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። አንድ የቀድሞ የግብር ሠራተኛ የነጋዴ ሒሳብ የሚገባበት ፕሮግራም በነፃ ሊባል በሚችል ዋጋ ሲያድል ምን ፈልጎ ነው? በየወሩ እየመጣ ያድስልኛል አለ፤ አዲስ የወጣ የግብር ስሌት ካለ በፍላሹ ያስገባልኛል። የሚያስገባ ፍላሽ ያስወጣል። ባለቤቴን ስነግረው «ምናልባት ደግ ሰው ይሆናላ» አለ። ጫማውን አየሁት፣ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሸሸገ።

ደግሞም ፕሮግራሙ ቆንጆ ነበር። ልዋሽ አልችልም። የዓመቱን ገቢና ወጪ ስታስገቢ በመጨረሻ ከታች ክብ ምልክት ይበራል፤ ሒሳቡ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ሆኖ ሥሩ «ያጠራጥራል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። «እዚያ ወንበር ላይ ዓመታት ተቀምጫለሁ» አለኝ ሰውዬው። «የቱን ፋይል ከመደዳው መዝዤ እንደማይ አውቃለሁ። ቀይ ያለው እኔ የምመዘው ነው።» ከእኔ እኩል የሚጠራጠር ማሽን አየሁና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ተማረከ።

ገዛሁት፤ ግን ዝም ብዬ አላመንኩትም፣ ወጥመድ ዘረጋሁ። አንድ ነጋዴ ፈጠርኩ። ስም ሰጠሁት፣ የአባት ስም ጨመርኩለት፣ ጌሻ ውስጥ ደካ ከተማ አስቀመጥኩት። ደካን የመረጥኩት የጌሻ መንገድ በክረምት ጭቃ ስለሆነ ማንም ተነስቶ ሊያጣራ አይሄድም ብዬ ነው። ማር ነጋዴ አደረግሁት፣ ማርን ከእትዬ ሒሳብ በደንብ ስለማውቀው። የእትዬን ደህና ዓመት ወሰድኩና አበዛሁት፣ አሳበጥኩት፤ አካባቢው አይቶት የማያውቅ ሀብታም ሆነ። ሰውዬው ፍላሹን ሰክቶ ከሄደ በኋላ ማንም ሰው፣ ከመሥሪያ ቤቱም ሆነ ከገበያው፣ ስለ ደካው ነጋዴ አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ ወሬው ከየት እንደወጣ አውቃለሁ ማለት ነው። ስምን፣ ደንበኛን አትወስድም ወይ ብዬም በግልጽ ጠየቅሁት። «በእግዚአብሔር፣ ስም ምን ያደርግልኛል?» አለ።

ሰኔ ላይ መጣ፣ ፍላሹን ሰካ፣ አደሰ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ገበያ ወጣሁ፣ ለቅሶ ቤት ተቀመጥኩ፣ ግብር መሥሪያ ቤቱ በረንዳ ላይ ያለ ጉዳይ ቆምኩ። ስለ ደካ ማንም ምንም አላለም። ነጋዴዬን ከኮምፒዩተሬ አጠፋሁት። ለአንድ ጊዜ እንኳ በከንቱ ጠረጠርኩ ብዬ ትንሽ አፈርኩ፣ ለባለቤቴም ነገርኩት። ሳምንቱን ሙሉ ፊቱ በራ።

ሐምሌና ነሐሴ ደንበኞቼ ተመለሱ። ክቡን ለማየት ወንበራቸውን እየጎተቱ አጠገቤ ይቀመጣሉ። አረንጓዴ ሲወጣላቸው ተመስገን ይላሉ፤ ቀይ ሲመጣባቸው ላብ ያጠምቃቸዋል። አንዱ የጨርቅ ነጋዴ «እስኪ ሽያጩን ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለኝ። «ያልሸጡትን?» ስለው «አንቺ ደግሞ፣ ሰላም በብር ነው የሚገዛው፣ አድርጊው» አለ። ከፍ ሲል አረንጓዴ ሆነ፣ ሰውዬው ተነፈሰ። ሌላው ደግሞ አረንጓዴውን አይቶ «እንግዲያው ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ፣ ቀዩ አፍ ላይ ስትደርሺ አቁሚ» አለ። እሱን አባረርኩት። ገበያው ውስጥ ሰዎች ሲገናኙ «አረንጓዴ ወጣልህ?» መባባል ጀመሩ። ነገሩ ደስ አላለኝም፤ ነገር ግን ክፍሌ ሰው ሞልቶበታል፣ ፕሪንተሬም ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል።

እትዬ የመጡት ነሐሴ መገባደጃ ላይ ነው። ከረጢታቸው ቀላል ነበር። ደረሰኞቹን አስገባሁ፣ ደመርኩ፣ ክቡ በራ። ቀይ። ያጠራጥራል። እንደገና ደመርኩ፣ እንደገና ቀይ።

እና እኔ፣ በእሳቸው እጅ ሰው የሆንኩት እኔ፣ ፊቴን ወደ እሳቸው አዙሬ «እትዬ፣ ያልሰጡኝ ደረሰኝ አለ?» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የዘንድሮውን ዝናብ አላየሽም?» አሉ። «ዛፉ ሊያብብ ሲል አበባውን አረገፈው። ንቡ ከምን ይቅሰም? ገበሬው ባዶ ቀፎ ነው ያወረደው።» ከዚያ ተነሡ። «ነይ፣ ተከተይኝ።»

መጋዘናቸውን ሲከፍቱልኝ የማር ሽታ ብቻ ነው የተቀበለኝ፤ የቆየ፣ ከእንጨቱ የማይለቅ ሽታ። ማር ያለበት በርሜል በእንጨት መደብ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባዶው ጉንዳን እንዳይገባበት አፉ ወደ መሬት ይደፋል። ከዳር እስከ ዳር የተደፋ በርሜል ነው ያየሁት። በጥጉ በኩል የቆሙትን ለመቁጠር አንድ እጅ ይበዛል። እትዬ አንዱን የተደፋ በርሜል በመዳፋቸው መታ አደረጉት፤ ድም አለ። «ይኼ ነው ያልሰጠሁሽ ደረሰኝ» አሉኝ።

መሬት ብትከፈት እገባባት ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነው። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው በራቸውን አንኳኩቶ አያውቅም፤ ኩራታቸው ይህ ነው። «ከፍ አድርገሽ አረንጓዴ አድርጊው» አሉ። «እስክሪብቶ የያዘ ሰው ቤቴ እንዲመጣ አልፈልግም።» ለሌለ ማር ግብር ሊከፍሉ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከየት አምጥተው እንደሚከፍሉም ጠየቅሁ። ዓይናቸው ወደ በርሜሎቹ ሄደ። በርሜል የሌለው ማር ነጋዴ ማለት ደግሞ በቃ፣ ነጋዴ አይደለም ማለት ነው። «እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ይስጡኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ባዶ ቅጽ ላይ ፈርመው ሰጡኝና «የፈለግሽውን ጻፊ፤ ብቻ ቀዩ አይምጣብኝ» አሉ።

ሰውዬውን ለቀናት ፈለግሁት። ሱቁ ተዘግቷል፣ ስልኩ አይሠራም። ጳጉሜ በገባች፣ ለሩፋኤል ዝናብ ልጆች ደጅ ወጥተው ሲጨፍሩ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ሱቁን ሲከፍት ደረስኩበት።

«የማር ነጋዴን ሒሳብ ከምን ጋር ነው ፕሮግራምህ የሚያስተያየው?» አልኩት ሳልቀመጥ።

«ከሌሎች ማር ነጋዴዎች ጋር ነዋ።»

«ከየትኞቹ?»

አመነልኝ። በየወሩ ሲያድስ ከየሒሳብ ሠሪው ኮምፒዩተር ቁጥሮቹን በፍላሹ ይወስድ ነበር። አማካዩን የሚያወጣው ከእነሱ ነው። «ለማንም አልሰጠሁም» አለ ቶሎ ብሎ። «ለፕሮግራሙ ብቻ ነው። አለዚያ ማሽኑ ከየት ይማር?» እንግዲህ የጨርቅ ነጋዴው ለሰላሙ ብሎ የጨመረው ሁሉ ወደ አማካዩ እየገባ የሌላውን ነጋዴ ቀይ ሲያደርግ ከርሟል ማለት ነው። ልጮህ አፌን ስከፍት ሰውዬው ቀደመኝ።

«እትዬን ገበያ አግኝቻቸዋለሁ፤ ዝናብ ነው ይበሉ እንጂ፣ ያው ዝናብ ደካም ዘንቧል። የደካው ደንበኛሽ ግን ተመልከቺ፣ እንዴት ያለ ነጋዴ ነው!»

ከበሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ማር ነጋዴ በፕሮግራሙ ውስጥ ጥቂት ነው። የእኔ ፍጡር ብቻውን አማካዩን ወደ ሰማይ ሰቅሎታል።

«የደካው ሰውዬ የለም» አልኩት። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አንተን ልፈትን ብዬ።»

ሳቀ። ሳቁ እንደ ድሮ ግብር ሠራተኛ ሳቅ ነው፤ ስንቱን ሰምቻለሁ የሚል። «እህቴ፣ ከዚያው መምጣቴ ነው እኮ» አለ ጫማውን እያሳየኝ። ፕሮግራሙን ለትልቁ ነጋዴ ሊሸጥለት ደካ ድረስ ሄዶ ነበር። ስም ምን ያደርግልኛል ያለው ሰው ስሙን ጠርቶ መንደሩን ሲጠይቅ ነው የሰነበተው። አንዱ «ጅማ ሄዷል» አለው። ሌላዋ «ትናንት እዚህ ነበር» አለችው። ሻይ ቤት ያሉት ሽማግሌ ደግሞ «ታሟል፣ ጠበል ነው» አሉት።

እኔ የደካን ሰዎች አላውቃቸውም፤ ግን በዓይኔ አየኋቸው። የሰውዬውን ፊት ያውቃሉ፣ ድሮ ምን ይሠራ እንደነበር ያውቃሉ። እንደዚህ ያለ ሰው የአንድ ነጋዴን ስም ይዞ ሲመጣ ነጋዴውን ታውቀው አታውቀው ለውጥ የለውም፤ የለም፣ ወጥቷል ነው መልሱ። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምለው። ሁላችንም በአካባቢው ስንዋደድ የምንዋደደው በዚህ ነው።

«ሦስት ሰው ነው የነገረኝ» አለኝ። «አንቺ ደንበኛሽን ትደብቂያለሽ፣ አልፈርድብሽም። ጎበዝ ሒሳብ ሠሪ ነሽ።» ማልኩለት። በልጄ ማልኩለት። «ገባኝ፣ ገባኝ» እያለ ጫማውን በጋዜጣ መጥረግ ጀመረ።

ቢሮዬ ተመልሼ ኮምፒዩተሩን እንኳ አልነካሁትም። እትዬ በፈረሙበት ቅጽ ላይ እውነተኛውን ሒሳብ በእጄ ጻፍኩ፣ በዚያው በድሮው ጽሑፌ። ይዤ ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ወጣሁ። አሁን ቀዩን የሚያዩ ሰዎች ዘንድ መድረሴ ነው። ተራዬ ሲደርስ ሠራተኛዋ ቅጹን ተቀበለችኝ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ እንደገና ወደ ላይ ተመለሰች።

«ማር ዘንድሮ ጠፋ አይደል?» አለችኝ። «እኔም ለልጄ ክርስትና ጠጅ ልጥል ብዬ ከተማውን ዞሬ አጥቼ ቀረሁ።» ማኅተሙን መታችበትና ቀሪ ቅጂውን ሰጠችኝ። እዚያ ቀይ የሚባል ነገር የለም፤ አረንጓዴም የለም። ማር አለመኖሩን የቀመሰም ያልቀመሰም ያውቀዋል።

በዝናብ ውስጥ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። እትዬ መጋዘናቸው ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ቀሪውን ከነማኅተሙ አሳየኋቸው፣ በእውነተኛው ሒሳብ አለቀ አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። ከትከሻቸው በላይ ወደ ውስጥ ሳይ መጋዘኑ ሰፍቶብኛል። መደቡ አለ፣ በርሜሎቹ ግን የሉም። በጥጉ ሁለት ብቻ ቀርተዋል።

«እትዬ! ለምን ቸኮሉ? እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ብዬዎት አልነበረም?»

«ለግብሩ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «ያን ፕሮግራም የሚሸጠውን ሰውዬ አንቺ መጋዘኑን ባየሽ ዕለት ገበያ አግኝቼው፣ ለምንድነው ቀይ የምታደርጉኝ ብዬ ጠየቅሁት። ስለ ደካው ነጋዴ ነገረኝ። እኔ ሞኝ፣ ማሩን ዝናብ የወሰደው መስሎኝ ነበር። ለካ ሰው ነው የሚወስደው። እንዲህ ያለ ሰው ካለ እኔ ያን ሁሉ በርሜል ታቅፌ ምን አደርጋለሁ?»

አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ቀሚሴ ጭቃ ነካ። በካፊኖኖ ነገርኳቸው፣ በአማርኛ ደገምኩላቸው። የደካ ሰውዬ የለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። የእርስዎን የድሮ ሒሳብ ነው ያበዛሁት። ደካ ሄዶ ሰማሁ ያለውም ሰዎቹ ፈርተውት ነው። ዝናብ ነው፣ እትዬ፣ እንዳሉት ዝናብ ብቻ ነው። ስናገር እንባዬ መጣ።

እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ እጄን ወስደው በሁለት መዳፋቸው መሀል አኖሩት።

«ደንበኛሽ ነው አይደል?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰውዬው ነግሮኛል። አይዞሽ፣ አትናገሪ። አንቺ ጋ የገባ ነገር እንደማይወጣ ለዚህ ገበያ የነገርኩት እኔ አይደለሁ? እኔን እየወደድሽ እንኳ የእሱን ጠበቅሽ። እንዲህ ነው እንጂ።»

ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡና አንዲት ትንሽ ማሰሮ ይዘው ተመለሱ፤ አፏ በኮባ ታስሯል፣ ነጭ ማር ነው፣ ከቀረው ላይ የቀዱት።

«ይህችን ለእሱ አድርሺልኝ» አሉኝ። «ሁለት በርሜል አስቀርቻለሁ። በሚመጣው ዓመት ከማንኪራ ሲገዛ ለእነዚህ ሁለቱ የሚሆን እንዲተውልኝ ንገሪልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ማሰሮዋን ተቀበልኳቸው። ባልቀበል ልመናቸውን መግፋት ይሆንብኝ ነበር። በማግሥቱ ፕሮግራሙን ከኮምፒዩተሬ አጠፋሁ፣ ኮምፒዩተሩን ለደብዳቤ መጻፊያ አደረግሁት፣ ደንበኞቼም አረንጓዴያቸውን ፍለጋ ያው ፕሮግራም ወዳለበት ወደ ባጃጅ መቆሚያው ቢሮ ወረዱ። ባለቤቴ ስለ ደካው ሰው ሁሉንም ነግሬው እንኳ አንዳንዴ «እርግጠኛ ነሽ ግን፣ የለም?» ይለኛል። ማሰሮዋ እስከ ዛሬ ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ናት፣ ኮባዋ ደርቋል፣ አልተከፈተችም። ሰው ገብቶ የማን ማር ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የደካ ሰው ነው፣ ጅማ ሄዷል እላለሁ።